የቡላ ጠያቂዎች

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ቡላ ዛሬም አልበላም። ጠዋት ያስቀመጥኩለት ካሮት ማታ ስገባ እዚያው ጠውልጎ ጠበቀኝ። ጥቅል ጎመኑን አልነካም። ፉርሽካውን ረግጦበት ሄዷል። እንጀራውን አሸተተና ፊቱን አዞረ። ትናንት «ጠግቦ ይሆናል» ብዬ ነበር፤ ዛሬ ግን ራሴን ማታለል አልቻልኩም።

ሳነሳው ቀለለኝ። ፀጉሩ ወፍራም ስለሆነ ዓይን ያታልላል እንጂ ከሥሩ ሰውነት የለም፤ የጎድን አጥንቱ እጄ ላይ ይቆጠራል። በጠጡም አነሰ፣ ደረቀ። ድሮ ስጠርግ የምማረርበትን ነገር ዛሬ በናፍቆት ፈለግኩት። ወይ ጉድ፣ የት ደረስኩ።

ጎረቤት ሁሉ አይጥ ይለዋል። አይጥ ጭራ አለው፣ ይሄ የለውም። ጊኒ ፒግ ነው ብዬ ስንቴ አስረድቼ ሰለቸኝ። ልጄ ሜሮን ናት ዩኒቨርሲቲ ሳለች ከጓደኛዋ ተቀብላ ያመጣችው፤ መልኩ ቡላ ስለሆነ ቡላ አለችው። ጅማ ሥራ ስታገኝ «እማዬ፣ ቤት እስካገኝ ብቻ ያዢልኝ» ብላ ሄደች። ቤቱንም አገኘች፣ ባልም አገኘች፣ ቡላ ግን እኔው ጋ ቀረ።

ማታ በቅርጫት ይዤው ወደ ሱቅ ሄድኩ፣ ላስመዝነው። ባለሱቁ «ስኳር በምመዝንበት ላይ አይጥ አላወጣም» አለ። ለመንኩት። ተቆጣሁትም። በመጨረሻ ፌስታል አንጥፎ መዘነልኝ። በመስቀል ሰሞን ኪሎ ሞልቶ ነበር፤ አሁን ሰባት መቶ ግራም አይሞላም። ባለሱቁ ራሱ ሚዛኑን ደግሞ አየ።

ሆዱን የታመመ ሁሉ የሚጠጣው ፌጦ ነው። እናቴም ለእኔ እንዲያ ነበር የምታደርገው። ትንሽ በጥብጬ በማንኪያ ጫፍ አቀመስኩት። አስነጠሰውና ጥግ ገባ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ባሰበት። ፀጉሩን አቁሞ ጥጉን ይዟል። ጥርሱን ያፋጫል። ሲያመው እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ።

በምሳ ሰዓት ከምሠራበት የክር ፋብሪካ ግቢ ሆኜ ለሜሮን ደወልኩ። ቡላ ታሞብኛል አልኳት። «እማዬ፣ አሁንም አለ እንዴ?» አለችኝ። አለ እንዴ ትለኛለች። እኔስ አለሁ እንዴ? ይህን አላልኳትም፤ እዚህ ነው የምጽፈው። ስብሰባ ልትገባ ነው፣ ማታ ትደውላለች። ይኸው መሽቷል፣ አልደወለችም። ይሁን። የራሷ ኑሮ አላት። ግን ተናድጃለሁ።

የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ልወስደው ቆረጥኩ። ለዚያ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። የፈረቃ አለቃችን ጋሽ ለማ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፈቃድ ሲጠየቁ ግን ጥርሳቸው የሚነቀል ይመስል ፊታቸው ይጨማደዳል። ለሕመምተኛ ካልሆነ አይሰጡም። ፊታቸው ቆሜ «ጊኒ ፒጌ» ልል ነበር፤ አፌ ግን «የእህቴ ልጅ ታሞብኝ» አለ። ከየት እንደመጣ እንጃ።

«ውይ፣ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አምስት።»

«እግዚአብሔር ይማርልሽ። ሂጂ፣ ነገ አትግቢ።»

እህት የለኝም። አንድም እህት ኖሮኝ አያውቅም። አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ክር ሳጠነጥን ይህን የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ እስከ ዛሬ ያናድደኝ ነበር። ዛሬ ጠቀመኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ክሊኒኩ በር ላይ ሁለት ላም፣ አንድ አህያና አንድ የሚያስል በግ ቀድመውኛል። ቅርጫቴን በነጠላ ሸፍኜ ተሰለፍኩ። የበጉ ባለቤት «ዶሮ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። አንዴ ከጀመርኩ ምን ቸገረኝ።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ነጠላውን ሲገልጥ ሳቅ አለ። «ይህን ያየሁት ትምህርት ቤት ሳለን ነው፣ እሱም ለሙከራ» አለ። ቡላ እንዳይሰማ ጆሮውን በመዳፌ ሸፈንኩት። እብደት ነው፣ አውቃለሁ።

በባትሪ አፉን አየ፣ ሆዱን ዳበሰ፣ በማዳመጫው አዳመጠ።

«እናቴ፣ ምን ያበሉታል?»

ቆጠርኩለት፦ ፉርሽካ፣ ጥቅል ጎመን፣ የተረፈ እንጀራ፣ ሲገኝ ዳቦ።

«ሣርስ?»

«ሣር ለበግ ነው» አልኩት። በጣም እርግጠኛ ነበርኩ።

ለካ ጥርሱ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋል። የሚሞረደው ሣር ሲያኝክ ነው። አንጀቱም ሣር ካላገኘ ይሰንፋል። ጎመኑ ይነፋዋል። ደግሞ እንደ ሰው ቫይታሚን ሲ ከምግቡ ማግኘት አለበት፣ ሰውነቱ አይሠራውም። ፌጦ እንደሰጠሁት ስነግረው ግንባሩን ያዘ። እኔ እኮ እንደ ሰው የተንከባከብኩት መስሎኝ የራሴን ማዕድ ሳካፍለው ከረምኩ። አብሬው እራት የበላሁ እየመሰለኝ ገደልኩት ማለት ነው።

«ካልበላ አንጀቱ ይቆማል፤ አንጀቱ ከቆመ ደግሞ አይበላም። እስከ እሑድ ድረስ አንጀቱ መሥራት መጀመር አለበት» አለ። የረዘመውን የፊት ጥርሱን አስተካከለለት፣ ለሕመሙ ወጋው። ደረቅ ሣር ፈጭቼ፣ በውኃ አሽቼ፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በጉንጩ በኩል በየጥቂት ሰዓቱ እንድሰጠው አዘዘኝ። ብርቱካን ወይ የፈረንጅ ቃሪያ ትንሽ ትንሽ። ደረቅ ሣር ሁልጊዜ ፊቱ ይኑር።

ሣር ፍለጋ ገበያ መውጫው ላይ ወደሚቆሙት ጋሪዎች ሄድኩ። ሻጩ «ስንት ከብት አለሽ?» አለኝ። «አንድ» አልኩ። አንድ ሙሉ ሸክም አሸከመኝ። ባጃጁ ውስጥ እኔ፣ ቅርጫቱና ሣሩ ተጨናንቀን ገባን፤ ሾፌሩ እስከ ቤቴ ድረስ እያስነጠሰ ነዳ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ሣር የፈጨሁት በቡና መፍጫዬ ነው። ቡናዬ ከእንግዲህ ምን ምን እንደሚል እናያለን።

ማብላቱ ትግል ነው። በፎጣ እጠቀልለዋለሁ፣ አንገቱን ይቀብራል። ግማሹ አገጩ ላይ፣ ሩቡ ቀሚሴ ላይ፣ የቀረው ወደ ውስጥ። ሲውጥ ጉሮሮው ላይ ይታየኛል። እንኳን ዋጥክልኝ፣ የኔ ጌታ።

ሥራ ገባሁ። ገና ልብሴን ሳልቀይር ብርቄ መጣች። ብርቄ የክፍላችን ለቅሶና ሕመም፣ ክርስትናና ሰርግ አስተባባሪ ናት፤ ማንም አልሾማትም፣ ግን ያለሷ አይሆንም። እኔን ከሰላምታ በቀር አናግራኝ አታውቅም። ዛሬ ግን ክንዴን ይዛ «ልጁ እንዴት ነው?» አለችኝ። ሆዱን ነው፣ አይበላም፣ ከስቷል አልኳት። ይህ እንኳ እውነት ነው። ስሙን ጠየቀችኝ። ዮናስ አልኩ።

«የክርስትና ስሙስ?»

«ለምን?»

«ለቄሱ ሰጥቼ በጸሎት እንዲያስቡት ነዋ።»

እዚህ ጋ ማቆም ነበረብኝ። ወልደ ሚካኤል አልኳት። ሌሎቹም በየተራ መጥተው «አይዞሽ» አሉኝ። ሰናይት፣ ያቺ ጆሮዋ ላይ ኢርፎን ሰክታ የምትውለው ወጣት፣ ኢርፎኑን አውጥታ አቀፈችኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ሁሉ ሰው አላየሁትም ነበር፣ ወይ እነሱ እኔን አላዩኝም። ደስ አለኝ። በደስታዬም አፈርኩ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔ እያደር ከበደ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ከትናንት ማታ ጀምሮ በጠጥ የለም። አንድም።

በምሳ ሰዓት በባጃጅ ከንፌ መጣሁ። ሲሪንጁን አፉ ውስጥ ሳስገባ አልታገለኝም። ትግሉን ናፈቅኩ። ሆዱን ሐኪሙ እንዳሳየኝ በሁለት ጣት አሸሁለት። ጠንክሯል። ወደ ሥራ ስመለስ ዓርባ ደቂቃ ያህል አርፍጃለሁ፤ ጋሽ ለማ ሰዓታቸውን እንኳ አላዩም። «ነገ ግማሽ ቀን ነው፣ ቅሪ። ልጁን ጠብቂ» አሉኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ስለ አንድ ነገር በግልጽ ልጻፍ፣ ማንም አያነበውም። ድሮ ቁልፌ በሩ ውስጥ ሲዞር ቡላ ይጮህ ነበር። ቀጭን ድምፅ ነው፣ እንደ ፉጨት። ፌስታል ሲንኮሻኮሽማ ሰፈር ይሰማዋል። የሜሮን አባት ያረፈው ልጅቷ ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቤት ስገባ «መጣሽ?» የሚለኝ ሜሮን ነበረች፣ ከእሷ በኋላ ይሄ ነው። ለጎመኑ እንጂ ለእኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም መጣሽ ማለት ነው። በዚህ ሳምንት ስገባ ቤቱ ጭጭ ነው፤ የሚሰማው በአስፋልቱ የሚያልፉት ከባድ መኪኖች ብቻ። እሱ ከሞተ እንዲህ ነው የምኖረው። ይህን ነው የምፈራው። ሰው ሲሞትብሽ ጎረቤት ይመጣል፣ ድንኳን ይተከላል። ለቡላ ማን ይመጣል? ፌስታል ውስጥ አድርጌ የት ነው የምወስደው?

ልጸልይለት ብዬ ቆምኩና ምን ብዬ እንደምጠራው ጠፋኝ። ሜሮን «ይቅርታ እማ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብላ ጽፋለች። ስለ እሱ አልጠየቀችም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

የፈሩት ይደርሳል ማለት እንዲህ ነው።

ከሰዓት በኋላ ቡላን በፎጣ ጠቅልዬ እያበላሁ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ቆጣሪ አንባቢ መስሎኝ እንዳለሁ፣ ቀሚሴ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ከፈትኩ። ብርቄ፣ ሰናይትና ጋሽ ለማ። ብርቄ ሁለት ኪሎ የሚሆን ብርቱካን፣ ሰናይት የማንጎ ጁስ፣ ጋሽ ለማ ሙዝ ይዘዋል። የታመመ ሊጠይቁ። ቤቴን ከማን ጠይቀው እንዳገኙት ፈጣሪ ይወቅ። ቡላን ቶሎ ብዬ መኝታ ቤት አስገብቼ ተመለስኩ።

ተቀመጡ አልኳቸው። ወንበሬ ሁለት ነው፤ ሰናይት የሣሩ ሸክም ላይ ተቀመጠች። ሣሩን አይተው ምንም አላሉም፣ ጨዋ ናቸው። ብርቄ ድምፅዋን ቀንሳ «ተኝቷል?» አለችኝ። ተኝቷል አልኩ። «አንቀሰቅሰውም፣ አይተነው ብቻ እንሂድ» ብላ ተነሣች። የታመመ ሳያዩ መመለስ የለም፤ እኔም ብሆን አልመለስም ነበር። እሷ ወደ መኝታ ቤቱ ስትራመድ በሩ ላይ ቆምኩባት።

ብዙ ውሸት በአእምሮዬ አለፈ። ሆስፒታል ገባ ልበል፣ እናቱ ወሰደችው ልበል። አንዱም አፌ አልደረሰም። ደክሞኝ ነበር። ገባሁና ፎጣውን እንዳለ ይዤ ወጣሁ። «ይሄ ነው» አልኳቸው።

ሰናይት ቀድማ ሳቀች። ክፋት አልነበረበትም፣ ግን ማቆም አቃታት፤ እንባዋ ወረደ። ብርቄ አልሳቀችም። ቡላን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«ልጁስ?»

«ልጅ የለም።»

«ወልደ ሚካኤልስ?»

ፎጣውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

«ዛሬ ለቁስቋም ተንበርክኬ ‘ይህን ሕፃን አደራ’ ያልኳት ለዚህ ነው? በልጅ ጤና ይዋሻል? ልጅ አልወለድሽም?» አለችኝ። ድምፅዋን አላነሣችም። ብታነሣው ይሻለኝ ነበር። ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ልከተላት ፈለግኩ፤ እጄ ላይ ግን ቡላ አለ፣ ግማሹን ገና አላበላሁትም። ቆሜ ቀረሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ከሰው ፊት ካለቀስኩ ስንት ዘመኔ ነው።

ጋሽ ለማ አልሄዱም። ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩና «እህትሽ የት ናት?» አሉኝ።

«እህት የለኝም።»

«ሌላ ሰውስ?»

«ልጅ አለችኝ። ጅማ ናት።»

«ለምን እውነቱን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርዎ ይፈቅዱልኝ ነበር?»

ትንሽ አሰቡና «አልፈቅድም ነበር» አሉ። ይህን ወደድኩላቸው።

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። የእዚሁ የአቃቂ ገበሬ ልጅ ናቸው፣ በልጅነታቸው ከብት ውስጥ ያደጉ። ቡላን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እንደ ጥጃ በኦሮምኛ አባበሉት። ሰናይት ሳቋን ጨርሳ ብርቱካን ላጠች። ሐኪሙ ያለውን ነገርኳት፤ አንዷን ፍሬ ጨምቃ ጣቷን ወደ አፉ አስጠጋች። ቡላ ምላሱን አወጣ። ላሰ። ደገመ። በሳምንት ውስጥ ሳይገደድ አፉን ሲከፍት የመጀመሪያው ነው። ሦስታችንም አንገታችንን አስግገን የአንድ ፍጡር ምላስ ስናይ ቆየን።

ሲወጡ ጋሽ ለማ በሩ ላይ ዞር ብለው «እንግዲህ እግዚአብሔር ይማረው» አሉ። ሰናይት ሳቋ እንደገና ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች።

እሑድ፣ ኅዳር 7

አራት ፍሬ።

ጠዋት ጨርቁን ሳነሣ አራት በጠጥ አገኘሁ። ትንንሽ፣ የተንጋደዱ። ሐኪሙ እስከ እሑድ ብሎኝ ነበር። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ይህ ለማን ይነገራል? ለሜሮን በስልክ ፎቶ ላክሁላት። «እማ ምንድነው ይሄ??» ብላ መለሰችልኝ። ስነግራት ደወለች። ደህና አወራን። ለገና በዓል ስትመጣ ታየዋለች። እንግዲህ እናያለን።

ከሰዓት በኋላ አንዲት የሣር አገዳ ይዞ ጎተተ። ጨረሳት ልል አልችልም፤ አኘካት። ሥጋው ገና የለም፤ ሳነሳው ያው ቀላል ነው።

ነገ ሥራ አለ። ብርቄን ምን እላታለሁ? ይቅርታ ማለት ቀላል ነው፤ የተንበረከከ ጉልበት ግን አይመለስም።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ክፍሉ ሁሉ ሰምቷል። ገና በር ላይ አንዱ ልጅ «የዮናስ አክስት» አለኝ። ከማሽኑ ጀርባ አንዱ እንደ አይጥ ጮኸ፣ ሳቁ ተከተለ። ሁለቴ ዝም አልኩ፤ ሦስተኛው ላይ «ድምፅህ ቀጥኗል፣ ሣር ብላበት» አልኩት። ሳቁ ወደሱ ዞረ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ ትንሽ አለቀስኩና ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ።

ብርቄ ቀኑን ሙሉ ዞር ብላ አላየችኝም። ምሳ ሰዓት አጠገቧ ሄጄ «ብርቄ፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። ምሳዋን መብላቷን ቀጠለች።

ስወጣ ግን በሩ ላይ ቆማለች።

«ሞተ?»

«አልሞተም።»

«በይ ልየው።»

ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሄድን። ቤት ስንገባ ቡላን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ከስቷል» አለች። አዎ አልኳት። ሻይ ጣድኩ። ልጅ እንዳለኝ ከጋሽ ለማ እንደሰማች ነገረችኝ፤ ይህ ከውሸቱ ይልቅ እንዳሳዘናት ገባኝ። «አሥራ አንድ ዓመት» አለች። «የሰው ሁሉ ቤት ስዞር ያንቺን በር አላውቀውም።»

«አልጠራሁሽማ።»

«እኔስ መቼ ስጠራ ነው የምሄደው?» አለች። ተናድዳለች፣ በእኔ ብቻ እንዳልሆነ ግን ታየኝ።

ሻይዋን ጨርሳ ተነሣች። ስለ ይቅርታው ምንም አላለችም። በሩ ላይ ስልኬን ተቀብላ ቁጥሯን አስገባችልኝ፤ ይህን ያህል ዘመን አብረን ስንሠራ የኔ ስልክ ላይ አልነበረም። ከዚያ ፊቷን ሳትፈታ «ስሚ ዘነበች» አለችኝ፣ «ይሄ ነገር ቢሞትብሽ ብቻሽን ቁጭ ብለሽ እንዳታለቅሺ። ደውዪልኝ።»

«ለዚህ ለቅሶ ትመጫለሽ?»

«ለሱ አልመጣም። ለአንቺ ነው።»

እሺ አልኳት።

አሁን ቡላ ሣሩን ያኝካል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ያኝካል። ሲሪንጁን አጥቤ ለሚቀጥለው አዘጋጅቻለሁ። ይተርፍ እንደሆነ አላውቅም። ባይተርፍ ግን የምደውልለት ሰው አለኝ።